ሀርድ ዲስኩ “ቀጭ፣ ቀጭ” ማለት ሲጀምር፤ ለላፕቶፕ ተተኪ ዲስክ አመራረጥ

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው፡፡ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደ ሳለ መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠፍቶ መጣ፡፡ ባትሪው ከሞተ የቆየው ላፕቶፔም ከመብራቱ ጋር አብሮ ጠፋ፣ አብሮ ተነሳ፡፡ በሁለተኛው ላይ ግን አነሳሱ እንደወትሮው አልሆነም፡፡ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ትናንሽ ነጭ ነጥቦች ለደቂቃዎች ይሽከረከራሉ፤ ጆሮዬን ወደ ኪቦርዱ ጠጋ ሳደርግ ደግሞ ከግራ በኩል “ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል፡፡

ድምፁን አውቀዋለሁ፡፡ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው እየሮጡ የሚመጡ ባልደረቦቼን “ባክአፕ አለዎት?” እያልኩ ስጠይቅ፣ “የለኝም” ሲሉኝም በትዝብት ራሴን ስነቀንቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፡፡ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ በዚያች ዕለት የእኔም መልስ “የለኝም” ሆነ፡፡

በዲስኩ ላይ የነበሩት የቢሮ ሰነዶች ብዙም አላስጨነቁኝም፤ አብዛኞቹ በኢሜይል የተላላክናቸው ስለሆኑ ይገኛሉ፡፡ ያስጨነቀኝ “አባባ” የሚል ስም የሰጠሁት አንድ ፎልደር ነው፡፡ አባቴ ከማረፋቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልጅነታቸው፣ በየገጠሩ እየተዘዋወሩ ስላስተማሩበት ዘመንና ስለ ዘመድ አዝማዱ የዘር ሐረግ ያጫወቱኝን በዘጠኝ ክፍል ቀርጬ ያስቀመጥኩት እዚያ ውስጥ ነበር፡፡ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል፡፡ ቀረጻው ያለቀ ዕለት ከስልኬ ወደ ላፕቶፑ አዛውሬ ከስልኩ ላይ አጠፋሁት፡፡ ቦታ ለማስለቀቅ መሆኑ ነው፡፡

ላፕቶፕ የተበላሸባቸው ወዳጆቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝ “የትኛውን ሀርድ ዲስክ ልግዛ?” እያሉ ነው፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከዚህ በታች በሰፊው እሄድበታለሁ፡፡ ይሁን እንጂ ሁለተኛ ጥያቄ ነው፡፡ የመጀመሪያው፣ እየሞተ ያለው ዲስክ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ምን ይደረግ? የሚለው ነው፡፡ አዲስ ዲስክ ነገም ከነገ ወዲያም ገበያ ላይ አለ፡፡ አሮጌው ላይ ያለው ግን የትም አይሸጥም፡፡

ለመሆኑ ያ ድምፅ ምንድን ነው? በተለመደው ሀርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የለሰለሱ ዝርግ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፡፡ ከላያቸው፣ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ የተገጠመው ማንበቢያ በናኖ ሜትር በሚለካ ክፍተት አየር ላይ ተንሳፍፎ ይመላለሳል፡፡ ማንበቢያው የሚፈልገውን ቦታ ሲያጣ ክንዱ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይሞክራል፡፡ “ቀጭ” የሚለው ይኼ መመላለስ ነው፡፡ ማንበቢያው ሳህኑን መንካት ከጀመረማ በእያንዳንዱ ዙር የተጻፈውን እየፋቀ ይሄዳል፡፡

ሁሉም ዲስክ ግን ድምፅ አሰምቶ አይሞትም፡፡ ትናንት በቅጽበት ይከፈት የነበረ ፋይል ዛሬ ደቂቃ ሲፈጅ፣ ኮምፒዩተሩ ምንም ሥራ ሳይሰጠው ደርቆ ሲቆም፣ አንድን ፎልደር ኮፒ ሲያደርጉ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲቋረጥ፣ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ዲስኩን እየመረመርኩ ነው የሚል ጽሑፍ ሲያወጣ መጠርጠር ይገባል፡፡ እርግጥ ነው ሁሉም መንቀራፈፍ የዲስክ አይደለም፤ ቫይረስም፣ ራም ማነስም፣ ሙቀትም ያንቀራፍፋል፡፡ አንዳንዴም ጥፋቱ የገመዱ ነው፡፡ ለምሳሌ የ2012 እ.ኤ.አ. ባለ 13 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ዲስኩንና ማዘርቦርዱን በሚያገናኘው ስስ ገመድ ይታወቃል፤ ገመዱ ሲያረጅ ጤነኛውን ዲስክ የታመመ ያስመስለዋል፡፡

ይህን ለመለየት በዲስኩ ውስጥ “ስማርት” የሚባል የራሱ የጤና መዝገብ አለ፡፡ በዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም መዝገቡን ያነበዋል፤ ሰማያዊ ከሆነ ደኅና፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ የከፋ ማለት ነው፡፡ ቀለሙን ብቻ አይቶ መተው ግን አይበቃም፡፡ ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል፡፡ ቁጥር 197 ለማንበብ አስቸግረው ገና ውሳኔ ያላገኙትን ነው፡፡ ቁጥር 198 ጨርሶ ያልተነበቡትን ነው፡፡ ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው፡፡ እነዚህ ዜሮ ሆነው ቁጥር 199 ብቻ የሚያድግ ከሆነ ከዲስኩ በፊት ገመዱን ይጠርጥሩ፡፡ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ሲያወጣ እንደ ኮምፒዩተር አቆጣጠር በ16 መደብ እንጂ እኛ በለመድነው በ10 መደብ አይደለምና በፊደል የተቀላቀለ ቁጥር ቢያዩ አይደናገጡ፤ ከማስተካከያው ውስጥ ወደ 10 መቀየር ይቻላል፡፡

ቁጥሮቹ ምን ያህል ይታመናሉ? የጎግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል፡፡ በምርመራ ወቅት የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስህተት ካላሳየው 39 እጥፍ እንደሚበልጥ አገኙ፡፡ በዚያው ጥናት ውስጥ ያለው ሌላኛው ግኝት ግን ይበልጥ ያስደነግጣል፡፡ ከሞቱት ዲስኮች መካከል ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ከሚባሉት አራት ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት፡፡ እንግዲህ መዝገቡ “ታምሟል” ካለ ይመኑት፤ “ደኅና ነው” ካለ ግን ሙሉ በሙሉ አይመኑት፡፡

ወደ እኔ ስህተት ልመለስ፡፡ ያን ምሽት ዊንዶውስ “ዲስኩን ልመርምር፣ ልጠግን” ሲል ዝም ብዬው ተኛሁ፡፡ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጭ አደረ፡፡ ባለሙያ ነኝ ባይ ሆኜ ሳለ እንዲህ ማድረጌ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ይህ የጥገና ሥራ በሙሉ ጤንነት ላለ ዲስክ የታሰበ ነው፡፡ ያልተነበበውን ቦታ ደጋግሞ ይደበድባል፤ የፋይሎቹን ማውጫም እንደመሰለው እያስተካከለ ይጽፍበታል፡፡ የሚሞት ዲስክ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፡፡

በማግስቱ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት፡፡ ወጣቱ ጠጋኝ ከፍቶ አየውና፣ “ጋሼ፣ ዲስኩ ባድ ሴክተር አለው፡፡ ፎርማት ላድርገውና ዊንዶውስ ልጫንልዎ፤ ነገ ይወስዱታል” አለኝ፡፡

“ውስጡ ያለውስ?”

“እሱማ ይጠፋል፡፡ ይፈልጉት ነበር እንዴ?”

ላፕቶፔን ታቅፌ ወጣሁ፡፡ ልጁን አልፈርድበትም፤ ለጠጋኝ ሥራው ላፕቶፑን ማስነሳት ነው፡፡ እርስዎ ግን ማንኛውንም የጥገና ሱቅ ሲረግጡ የመጀመሪያው ቃልዎ “መረጃው ይቅደም፣ ምንም እንዳይጻፍበት” የሚል ይሁን፡፡

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እነሆ፡፡ ዲስኩ እያጉረመረመም ቢሆን ዊንዶውስ ከተነሳ፣ በጣም የሚፈልጉትን ከሁሉ አስቀድመው ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኤክስተርናል ይገልብጡ፡፡ ፊልምና ሙዚቃ ወረፋ ይጠብቅ፡፡ ዊንዶውስ ካልተነሳ ያጥፉት፤ ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውን ዕድሜ መብላት ነው፡፡ ዲስኩን ፈትተው ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰኩት፡፡ ኮፒ ሲያደርጉ የሚንጠለጠል ከሆነ ዲዲሬስኪው የተባለ ነፃ የሊኑክስ ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል በሙሉ በፍጥነት ይቀዳና፣ የተበላሸውን ለኋላ ትቶ በመጨረሻ ቀስ እያለ ይመለስበታል፡፡ የደረሰበትንም መዝግቦ ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፡፡ አንድ አደጋ ግን አለው፤ ምንጩንና መድረሻውን አገላብጠው ከጻፉ ባዶውን ዲስክ በመረጃዎ ላይ ይቀዳልዎታል፡፡ ለሊኑክስ እንግዳ ከሆኑ የሚያውቅ ሰው ከጎንዎ ይቀመጥ፡፡ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር የሚለውን ምክር የሚሰጥ ሰው ዛሬም አይጠፋም፡፡ ሲወጣ ጤዛ ይይዛል፤ ይተዉት፡፡ ክዳኑን መክፈትም እንዲሁ፤ አንድ ብናኝ ከማንበቢያው ክፍተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፡፡

የእኔ ዲስክ ሦስት ሌሊት ፈጀ፡፡ ከዘጠኙ ክፍል ሰባቱ ሙሉ ሆነው ወጡ፡፡ ስምንተኛው መካከሉ ላይ አራት ደቂቃ ያህል ዝም ይላል፤ አባቴ ስለ መጀመሪያ ደመወዛቸው ሊነግሩኝ ጀምረው ድንገት ሌላ ወሬ ውስጥ እንገኛለን፡፡ ዘጠነኛው አልተከፈተም፡፡

እንግዲህ ወደ ግዢው እንሂድ፡፡ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዋጋና ከጊጋ ባይት ነው፡፡ መጀመር ያለበት ግን “የእኔ ላፕቶፕ ምን ይቀበላል?” ከሚለው ነው፡፡ አንድ ወዳጄ ከዱባይ ለሚመጣ ዘመዱ “ኤስኤስዲ አምጣልኝ” ብሎ በስልክ ላከበት፡፡ ዘመድም አላሳፈረውም፤ ምርጡን ኤንቪኤምኢ ገዝቶ መጣ፡፡ የወዳጄ ላፕቶፕ ደግሞ የሚቀበለው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ብቻ ነበር፡፡ ማስቲካ የምታህለው ቀጭን ሰሌዳ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፡፡

በላፕቶፖች ውስጥ የሚያጋጥሙት በዋናነት ሦስት ናቸው፡፡ የመጀመሪያው ያ የታወቀው ባለ 2.5 ኢንች፣ በሳታ የሚሰካ፣ የመዳፍ መጠን ያለው ዲስክ ነው፡፡ እዚህ ላይ ውፍረቱን ልብ ይበሉ፤ አሮጌዎቹ ላፕቶፖች 9.5 ሚሊ ሜትር ሲቀበሉ ቀጫጭኖቹ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀበላሉ፡፡ ቀጭኑ ሰፊው ውስጥ ይገባል፤ ወፍራሙ ጠባቡ ውስጥ አይገባም፡፡ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲዎች ባብዛኛው 7 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ በዚህ በኩል አያስቸግሩም፡፡ ሁለተኛውና ሦስተኛው መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸው ሁለት ነው፡፡ ሁለቱም ኤም.2 የሚባሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በአንድ ብሎን የሚታሰሩ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ናቸው፤ አንዱ ግን በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ይነጋገራል፡፡ ብዙውን ጊዜ የሳታው ጫፍ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ሲሆን የኤንቪኤምኢው አንድ ቦታ ነው፡፡ አንዳንድ ላፕቶፕ ሁለቱንም ይቀበላል፤ አንዳንዱ አንዱን ብቻ፡፡ ርዝመቱም ይለያያል፤ 2280 ማለት 22 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 80 ሚሊ ሜትር ቁመት ማለት ሲሆን የተለመደው ይኸው ነው፡፡ በትናንሾቹ ላፕቶፖች ውስጥ 2242 እና 2230 ያጋጥማል፡፡

መልሱን ለማግኘት የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ከሆዱ ላይ አንብቦ የአምራቹን የጥገና መመሪያ ከኢንተርኔት ማውረድ ነው፡፡ ያ ካልሆነ ካቻቢቴ ይዞ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ማየት፣ በዲስኩ ላይ ያለውንም ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት፡፡ ፎቶውን ለሻጩም፣ ውጭ አገር ላለው ዘመድዎም ይላኩ፡፡ ከፍተው የሚነቀል ነገር ካላገኙም አይገረሙ፤ በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖችና በአዳዲሶቹ ማክቡኮች ላይ ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፡፡ በእነዚህ ላይ “ዲስክ መቀየር” የሚባል ነገር የለም፡፡

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሀርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? የሚለው ነው፡፡ ፍርዴን ሳላድበሰብስ ልናገር፤ ለላፕቶፕ ውስጥ ኤስኤስዲ ነው፡፡ ምክንያቱ ማስታወቂያው የሚጮህበት የሜጋ ባይት ቁጥር አይደለም፡፡ የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል፤ የሳታ ኤስኤስዲ 550 ገደማ፡፡ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ቢሆን ነው፡፡ ዋናው ልዩነት ፍለጋው ላይ ነው፡፡ ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጭ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቅማል፡፡ የሀርድ ዲስኩ ክንድ በሰከንድ ከ100 ብዙም የማይበልጥ ፍለጋ ሲያካሂድ ኤስኤስዲው በአስር ሺዎች ያካሂዳል፡፡ አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት አዲስ የሚመስለው በዚህ ነው፡፡ የላፕቶፑ ሳታ የድሮው ባለ 3 ጊጋ ቢት ቢሆንና የኤስኤስዲው ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ይህ ጥቅም አይቀርም፡፡ በዚያው ልክ፣ ባለ 3,500 ሜጋ ባይት ኤንቪኤምኢ ከሳታ ኤስኤስዲ ጋር ሲነጻጸር ለጽሑፍ፣ ለሂሳብና ለኢንተርኔት ሥራ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም፡፡ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ይሰማዋል፡፡

ለእኛ አገር ሁለት ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ፡፡ አንደኛው መብራት ነው፡፡ ሳህኑ እየተሽከረከረ፣ ክንዱም ተዘርግቶ ሳለ ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ማንበቢያው በአስቸኳይ ወደ ማረፊያው መሸሽ አለበት፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ዲስኩ ያረጃል፡፡ ኤስኤስዲም ቢሆን በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት መረጃ ሊያበላሽ ይችላል፤ የሚሰበር ክንድ ግን የለውም፡፡ (ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ እየተጠቀሙ ከሆነ ከአዲሱ ዲስክ ጋር ባትሪም ይግዙ፡፡ እኔ ያን አለማድረጌ ነው ለዚህ የዳረገኝ፡፡) ሁለተኛው ከፍታ ነው፡፡ ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል፤ አብዛኞቹ አምራቾችም የሀርድ ዲስክን የሥራ ከፍታ በ3,048 ሜትር ይገድባሉ፡፡ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው አዲስ አበባ ስጋት የለም፡፡ እንጦጦ አናት ላይ ግን ከወሰኑ ያለፉ ቦታዎች አሉ፤ በሰሜን ተራሮች ለመስክ ሥራ የሚሰማሩ ባለሙያዎች ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ ላፕቶፕ ይከፍታሉ፡፡ ኤስኤስዲ ከአየር ጋር ጉዳይ የለውም፡፡

መጠኑንስ በተመለከተ? ላፕቶፑን ከፍተው ዛሬ ስንት ጊጋ ባይት እንደያዙ ይዩ፤ እሱን እጥፍ ያድርጉት፡፡ አብዛኛው የቢሮ ሰው ባለ 500 ጊጋ ይበቃዋል፡፡ ገዝተው ሲሰኩት 465 ቢል ሻጩ አላጭበረበረዎትም፤ አምራቹ በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው፡፡ “ኤስኤስዲ ሲጻፍበት ያልቃል” የሚለው ስጋትም ከመጠን በላይ የተጋነነ ነው፡፡ ለምሳሌ ባለ 500 ጊጋው የሳምሰንግ 870 ኢቮ 300 ቴራ ባይት እስኪጻፍበት ዋስትና አለው፡፡ በየቀኑ 20 ጊጋ ባይት ቢጽፉበት ከ40 ዓመት በላይ ነው፤ ላፕቶፑም እኛም እዚያ አንደርስም፡፡ ይልቅ በካርቶኑ ላይ ኪውኤልሲ የሚል ካዩ ቲኤልሲ የሚለውን ይምረጡ፡፡ የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ሕዋስ አራት፣ ሁለተኛው ሦስት ቢት ስለሚያጭቅ ቲኤልሲው ለረዥም ጽሕፈት ይፈጥናል፣ ይበረክታልም፡፡

በጀት አስገድዶዎት ወይም ብዙ ቴራ ባይት ፈልገው ሀርድ ዲስክ የሚገዙ ከሆነ ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አምራቾች ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ናቸው፡፡ ከሦስቱ ውጭ የሆነ ስም የተለጠፈበት አዲስ ሀርድ ዲስክ ካዩ ወይ ውስጡ የእነሱ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው፡፡ ከባለ 2.5 ኢንቾቹ መካከል ብዙዎቹ ኤስኤምአር በሚባለው ዘዴ፣ መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ነው የሚጽፉት፡፡ ለመጋዘንነት ደኅና ናቸው፤ ዊንዶውስ ሲጫንባቸው ግን ያንቀላፋሉ፡፡

አሁን ደግሞ ገበያው፡፡ ቦሌም፣ መገናኛም፣ ፒያሳም፣ መርካቶም ዲስክ ሞልቷል፤ ጥያቄው ያዩት ዲስክ ካርቶኑ የሚለው መሆኑ ላይ ነው፡፡ ፎርጅዱ ሁለት ዓይነት ነው፡፡ አንደኛው በመጠን የሚዋሽ ነው፡፡ ባለ 16 ቴራ ባይት ኤክስተርናል ኤስኤስዲ በማይታመን ርካሽ ዋጋ ሲሸጥ ውስጡ አንዲት የስልክ ሚሞሪ ካርድ ናት፡፡ ኮምፒዩተሩ ላይ 16 ቴራ ብሎ ይነበባል፤ እውነተኛው መጠን ሲሞላ ግን አዲሱን ፋይል ይቀበል መስሎ ይውጠዋል፡፡ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ ወይም ኤፍ ስሪ የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ዲስኩን እስከ ጫፉ ጽፈው መልሰው በማንበብ ውሸቱን ያጋልጣሉ፡፡ ሁለተኛው በዕድሜ የሚዋሽ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ለዓመታት ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች የስማርት መዝገባቸው ተሰርዞ እንደ አዲስ ተሽጠው መገኘታቸው ብዙ አነጋግሯል፡፡ እዚያ የሆነ እዚህ አይሆንም አይባልም፡፡

ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ዲስኩን እዚያው ሱቁ ውስጥ አሰክተው በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሠራበትን ሰዓትና የተጻፈበትን መጠን ይመልከቱ፡፡ አዲስ ከሆነ ሰዓቱ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው፡፡ የመሰኪያውን ወርቃማ ጥርሶችም ይዩ፤ ጭረት ካላቸው ከዚህ በፊት ተሰክተው ያውቃሉ፡፡ በዲስኩ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ፕሮግራሙ ከሚያሳየው ጋር አንድ መሆን አለበት፡፡ “ይህን ማየት አይቻልም” የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ጎረቤቱ ሱቅ ክፍት ነው፡፡ የአምራቹ የአምስት ዓመት ዋስትና እዚህ ድረስ መምጣቱ አጠራጣሪ ስለሆነ የሻጩን ዋስትና በደረሰኝ ላይ ከነመለያ ቁጥሩ ያጽፉ፡፡ “ስላይትሊ ዩዝድ” ኤስኤስዲ፣ የጤና መቶኛው ከ90 በላይ ከሆነና ዋጋው በእርግጥ ከቀነሰ፣ እኔ እገዛለሁ፡፡ ያገለገለ ሀርድ ዲስክ ግን አልገዛም፤ ስንት ጊዜ እንደወደቀ መዝገቡ ሁሉንም አይናገርም፡፡

ዲስኩ ከተገዛ በኋላ አሮጌውን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ፣ ማለትም ክሎን ማድረግ፣ ወይስ ዊንዶውስን ከዜሮ መጫን? አሮጌው ጤነኛ ከነበረ ክሎን ጊዜ ይቆጥባል፤ ክሎንዚላ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፣ አዲሱ ዲስክ ግን ከአሮጌው ማነስ የለበትም፡፡ አሮጌው ታሞ ከነበረ የተበላሹትን የዊንዶውስ ፋይሎች አብረው ይዘው መሄድ ስለሆነ ከዜሮ መጀመር ይሻላል፡፡ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከነበረዎት ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም፡፡ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱን አይርሱ፤ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ላፕቶፕ ካለዎት ሊኑክስ ሚንትን በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ መሞከር ኪሳራ የለውም፡፡ ላፕቶፑ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰኩት ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቅዎታልና፣ ሳይፈቱት በፊት ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ላይ ጽፈው ይያዙ፡፡

ከዜሮ ሲጀምሩ ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ፡፡ የፒችትሪ የሂሳብ መዝገብ ከሰነዶች ፎልደር ውስጥ አይገኝም፤ ፕሮግራሙ በራሱ ፎልደር ነው የሚያስቀምጠው፡፡ ይህን ረስታ የሦስት ዓመት ሂሳብ በፎርማት ያጣች አካውንታንት አውቃለሁ፡፡ ከቴሌግራም የወረዱ ፋይሎች ዳውንሎድ ውስጥ ባለ ሌላ ፎልደር ናቸው፡፡ ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች ያሏችሁ ደግሞ የፎንቶቹን ፋይሎች ከዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ውስጥ አብራችሁ ቅዱ፡፡ ያለ ፎንታቸው ሰነዶቹ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ውጥንቅጥ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ጠፍተዋል ብሎ የደለዛቸውን ሰው አጋጥሞኛል፡፡

እኔ የገዛሁት ባለ 500 ጊጋ የሳታ ኤስኤስዲ ነው፡፡ ከእሱ ጋር አንድ ባለ 1 ቴራ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ለባክአፕ ገዛሁ፡፡ ኤስኤስዲ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ በሕዋሶቹ ውስጥ የያዘው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ ለረዥም ጊዜ ማስቀመጫነት አልመርጠውም፤ እዚህ ላይ አሮጌው ሀርድ ዲስክ ይሻላል፡፡ የአባቴን ቅጂዎች በላፕቶፑም፣ በኤክስተርናሉም አስቀምጫለሁ፤ ሦስተኛው ቅጂ ሐዋሳ እህቴ ዘንድ ነው፡፡

የሞተውን ዲስክ አልጣልኩትም፡፡ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ውስጥ ዲስክ ከፍተው ማንበቢያውን የሚተኩ ድርጅቶች ውጭ አገር አሉ፤ ዋጋቸው የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ሊሆን ይችላል፡፡ እስከዚያው ኤስኤስዲው በመጣበት የብር ቀለም ከረጢት ውስጥ አድርጌ፣ በላዩ ላይ “ዘጠነኛው ክፍል፤ እንዳይነካ” ብዬ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፡፡